ኩረስ፦ ንጉሥ ያልኖረበት «ቤተ መንግሥት» ያላት የስኮትላንድ መንደር

ዳገት_ወራጅ
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ስለ ስኮትላንድ ሲወራ ሁሌ ኤዲንብራ ካስል፣ ሎክ ነስ፣ ብርድና ዝናብ ነው። ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ መንደር ላውራ። ኩረስ ትባላለች። ካርታ ላይ ያለውን ፊደል በሙሉ አንብባችሁ «ኩልሮስ» ብትሉ አገሬው ግራ ይገባዋል።

ያለችው ፋይፍ ውስጥ ነው፤ የፎርዝ ወንዝ ባሕር ሊሆን ሲል በሚሰፋበት ወሽመጥ፣ በሰሜኑ ዳርቻ። ከደንፈርምሊን ወደ ምዕራብ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ትደርሱባታላችሁ። ነዋሪዋ ወደ 400 ሰው ቢሆን ነው። ከውሃው ዳር ትጀምርና ዳገት ትወጣለች፣ ዳገቱ አናት ላይ ግማሹ የፈረሰ ገዳም አለ። መንገዶቿ ጠባብ ኮብልስቶን ናቸው። ቤቶቿ ነጭና ቢጫ፣ ክዳናቸው ቀይ ሸክላ። ከሁሉም ደምቆ የሚታየው አንድ ቢጫ ግቢ ነው፤ «ቤተ መንግሥት» ይሉታል፣ ግን የነጋዴ ቤት ነው። ውስጡ ጣሪያው በ1600ዎቹ የተሳለ ሥዕል አለው፤ ጣውላው ከባልቲክ፣ የወለሉ ሸክላ ከሆላንድ የመጣ።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ከዋናው መንገድ በራቀች፣ ሦስት መቶ እርምጃ ሄደህ በምትጨርሳት መንደር ይህን ሁሉ ሀብት ማን አመጣው? የምታውቁ ጨምሩበት። ዓመቶቹን በፈረንጅ እንጻፍ፣ አለዚያ እንምታታለን።

የቦሌዋ
ፎቶዋን አይቼ አውቃለሁ፣ ተከታታይ ፊልም ተቀርጾባታል አይደል? ቱሪስቱ የሚጎርፈው ለእሱ መሰለኝ። ደግሞ ነጋዴ የሠራው ሁሉ ቤተ መንግሥት ከተባለማ እኛ ሰፈር ስንት ቤተ መንግሥት አለ መሰላችሁ ሃሃ።

መሐንዲሱ
ነጋዴው ጆርጅ ብሩስ ይባላል። ሀብቱን ያመጣው ድንጋይ ከሰል ነው፣ እሱም ከባሕር ሥር የወጣ ከሰል። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ይሄ ሰውዬ በሙያችን ክብር የሚገባው ነው።

ከሰሉን የጀመሩት የገዳሙ መነኮሳት ናቸው። ላይ ላዩን ያለውን ቆፍረው ጨረሱት። የቀረው ወደ ባሕሩ ሥር ያዘቀዘቀው ነው፣ እዚያ ደግሞ ውሃ አላስገባም አለ። ብሩስ ጉድጓዱን በ1575 ተኮናተረው። ከዚያ ያደረገውን እዩልኝ፦ ከዳርቻው ወጣ ብሎ፣ የባሕሩ ውሃ ሲሞላ በሚዋጥ ቦታ ላይ፣ ክብ የድንጋይ ግንብ አቆመ። በግንቡ ውስጥ ቁልቁል ቆፈረና ከየብስ ከሚመጣው ዋሻ ጋር አገናኘው። ስለዚህ የማዕድኑ አንድ አፍ መሬት ላይ፣ ሌላው አፍ ባሕር መሀል ሆነ። አየር ይዘዋወራል። መርከብም ግንቡ ጥግ ቆማ ከሰሉን ከጉድጓዱ አፍ ትጭናለች፤ በጋሪ ወደ ወደብ ማመላለስ ቀረ ማለት ነው።

ውሃውንስ? 36 ባልዲ የታሰረበት ሰንሰለት ነበረው፣ 3 ፈረሶች የሚያዞሩት። 18ቱ ሞልተው ሲወጡ 18ቱ ባዶ ይወርዳሉ። በ1618 የጎበኘ እንግሊዛዊ ተጓዥ አይቶ አፉን ይዞ ጽፎታል። ማዕድን ላይ በደንብ የሠራው የመጀመሪያው የእንፋሎት ፓምፕ የመጣው እኮ በ1712 ነው! ቤቱ ግድግዳ ላይ 1597 እና 1611 የሚሉ ዓመቶች ተቀርጸዋል፤ ከሰሉ ሲሸጥ ቤቱ ሲያድግ ማለት ነው።

ጨው_በረንዳ
መሐንዲሱ የንጉሡን ነገር ዘለልከው እንዴ? ዋናው እሱ!

ጄምስ 6ኛ (እንግሊዝንም ደርቦ ይገዛ የነበረው) በ1617 ኩረስን ሊጎበኝ መጣ። ብሩስ ወደ ማዕድኑ ይዞት ወረደ። በየብስ በኩል ገቡ፣ ከባሕሩ ሥር እየሄዱ እየሄዱ፣ በዚያኛው ግንብ ወጡ። ንጉሡ ቀና ቢል ዙሪያውን ውሃ! «ክህደት! ክህደት!» ብሎ ጮኸ ይባላል። አትፍረዱበት፣ በ1605 ፓርላማውን ከነእሱ በባሩድ ሊያፈነዱት ሞክረው የለ። ብሩስ ተረጋግቶ ጀልባ ዝግጁ እንደሆነ አሳየው፤ በመጣበት መመለስ ወይም በጀልባ መሄድ ምርጫው የእሱ ነው። ንጉሡ በጀልባው ሄደ።

መጨረሻው ግን ያሳዝናል። በ1625 ማርች መጨረሻ ላይ የመጣ ማዕበል ግንቡን አፈራረሰው፣ ማዕድኑ በውሃ ተሞላ። ንጉሡም የሞተው በዚያው ወር፣ ብሩስም የሞተው በዚያው ዓመት። ሦስቱ ተከታትለው ሄዱ።

ሕግ_አዋቂ
ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ግን ሁላችሁም ስለ ብሩስና ስለ ንጉሡ ብቻ ነው የምታወሩት። ቆፋሪውስ?

በዚሁ በጄምስ ዘመን፣ በ1606፣ የስኮትላንድ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ። ከሰል ቆፋሪና ጨው የሚያፈላ ሠራተኛ ከጌታው የመልቀቂያ ወረቀት ካልያዘ ሌላ ሰው ሊቀጥረው አይችልም። ዝም ብሎ ከሄደ ጌታው በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ውስጥ ጠይቆ ያስመልሰዋል። ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ የጠፋ ደግሞ እንደ ሌባ ነው የሚቆጠረው። ሕጉ ከወረቀቱ በላይ በተግባር ከፋ፤ ማዕድኑ ሲሸጥ ሠራተኛው አብሮ የሚሸጥበት፣ ሕፃን ሲጠመቅ ጌታው ለአባትየው ሳንቲም ሰጥቶ ልጁን ከወዲሁ የሚያስርበት ልማድ መጣ። በ1775 ማላላት ጀመሩ፣ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1799 ነው። ወደ 200 ዓመት ማለት ነው። እና ያን የተሳለ ጣሪያ ስታዩ ይሄንንም አስቡ።

የቦሌዋ
ኧረ በስመ አብ! ይሄ ባርነት አይደለም እንዴ? ጨው የሚያፈሉትስ ምን አገባቸው?

ሕግ_አዋቂ
@የቦሌዋ እህቴ፣ ጨውና ከሰል መንትያ ናቸው እዚያ አካባቢ። የባሕሩን ውሃ በትልልቅ የብረት ገንዳ አድርገው ከሥሩ ከሰል ያነዳሉ፣ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። የሚያነዱት ገበያ የማይወጣውን የደቀቀ ከሰል ነው። ስለዚህ ከሰል ያለው ጌታ ጨውም ያፈላል፣ ሁለቱም ሠራተኞች በአንድ ሕግ ታሰሩ። ያ ሥራ እየተንገዳገደ ቆይቶ በ1825 በጨው ላይ የነበረው ግብር ሲነሳ ርካሹ የእንግሊዝ ጨው ገብቶ ጨረሰው። ከኩረስ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ፕሬስተን ደሴት በሚባለው ቦታ የጨው ቤቶቹ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል።

ወለተ_ሚካኤል
ስለ ገዳሙ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። ቅዱስ ሙንጎን ታውቁታላችሁ? የግላስጎ ከተማ ጠባቂ ቅዱስ ነው፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ። የተወለደው ኩረስ ነው ተብሎ ይታመናል። እናቱ ቴኔው የንጉሥ ልጅ ነበረች። ፀንሳ ስትገኝ አባቷ ተቆጥቶ መቅዘፊያ በሌላት ትንሽ ታንኳ ላይ አድርጎ ወደ ባሕር ለቀቃት። ማዕበሉ እየገፋ ኩረስ ዳርቻ አደረሳት፣ እዚያው ወለደች። ሰርፍ የሚባል አባት ተቀብሎ ልጁን አሳደገው። የሰርፍ ወፍ ስትሞት ሕፃኑ ጸልዮ አስነሳት ይላል ገድሉ፤ የግላስጎ ዓርማ ላይ ያለችው ወፍ እሷ ናት። በ1503 የግላስጎው ሊቀ ጳጳስ ተወለደበት በተባለው ቦታ ላይ ጸሎት ቤት አሠራ፣ ከመንደሩ በስተምሥራቅ መንገድ ዳር ፍርስራሹ አለ።

ዳገቱ ላይ ያለው ገዳም ደግሞ በ1217 የፋይፉ መስፍን ማልኮም የመሠረተው የሲስተርሺያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገዳም ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶው ሲመጣ መነኮሳቱ ተበተኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቃዊ ክፍል ግን የሰበካ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እስካሁን ይገለገልበታል። የጆርጅ ብሩስ መቃብር ያለው እዚያ ነው። ባልና ሚስቱ ከነጭ ድንጋይ ተቀርጸው ተኝተዋል፣ 8 ልጆቻቸው ፊት ለፊት ተንበርክከዋል።

ጨው_በረንዳ
እዚያው ገዳም አንድ ጉድ አለ። የጆርጅ ወንድም ልጅ ኤድዋርድ ብሩስ በ1613 ሆላንድ ድረስ ሄዶ ከአንድ እንግሊዛዊ መኳንንት ጋር በሰይፍ ተጋጥሞ ሞተ። ሥጋው እዚያው ሲቀበር ልቡ በብር ሣጥን ሆኖ ወደ ኩረስ መጣ። በ1808 ሲቆፍሩ ሣጥኑን አገኙት።

ጉና
ይሄ ብሩስ ብሩስ የምትሉት ሰውዬ ጎንደር ከመጣው ብሩስ ጋር ዘመድ ነው? ስሙም አገሩም አንድ ስለሆነ ነው የምጠይቀው።

ዳገት_ወራጅ
@ጉና ብሩስ የሚለው ስም እዚያ አገር እንደ አሸዋ ነው ወንድሜ። የኩረሱ ጆርጅ የሞተው በ1625 ነው። የእኛው ጄምስ ብሩስ የተወለደው በ1730 ነው፣ ከወሽመጡ ማዶ ኪኔርድ በሚባል ርስት፣ ላርበርት አጠገብ። ማዶ ስል በጣም ቅርብ ነው፤ በቀጥታ ብትለኩት ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ግን ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኝ ሌላ ነገር አለ፣ ከዘር ሐረግ የበለጠ። ስለ ምጣድ ላውራችሁ።

የቦሌዋ
ምጣድ?? ቀጥል ቀጥል።

ዳገት_ወራጅ
አዎ ምጣድ። ስኮቶች የአጃ ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ፣ ዝርግ የብረት ምጣድ አላቸው፣ እሳት ላይ የሚንጠለጠልበት እጀታ ያለው። የኩረስ ቀጥቃጮች በዚህ ነበር የታወቁት። ከሰሉ ደጃፋቸው ነው፣ ብረቱን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ያሳሳሉ። በ1599 ያው ጄምስ 6ኛ ምጣድ የመሥራት ብቸኛ መብት ለኩረስ ሰጠ። በሕግ ማለት ነው፣ ሌላ ከተማ እንዳይሠራ። ማዕድኑ በማዕበል ከጠፋ በኋላም መንደሯ በምጣድና በጨው ስትንፏቀቅ ኖረች።

ከዚያ በ1759 ማዶ፣ ፎልከርክ አጠገብ፣ ካሮን የሚባል የብረት ፋብሪካ ተቋቋመ። ሰዎቹ ብረቱን አቅልጠው ቅርጽ ውስጥ ያፈሱታል፣ መዶሻ የለ፣ ድካም የለ። ድስት፣ ምድጃ፣ ምጣድ፣ መድፍ፣ ያልሠሩት የለም። አንድ ቀጥቃጭ ቀኑን ሙሉ ደክሞ ከሚያወጣው ጋር ዋጋው አይገናኝም። የኩረስ ምጣድ በዚያው ሞተ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ካሮን ከሰል ይገዛ የነበረው ከማን መሰላችሁ? ከሚገዛቸው አንዱ ከኪኔርድ ርስት ነው። ከጄምስ ብሩስ። ሰውየው ጎንደር ሲደርስ (1770)፣ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ላይ ቆሞ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ሲል፣ ቤቱ ያለው መሬት ከሰል እያወጣ ለካሮን እቶን ይሸጥ ነበር። ብሩስ በራሱ ወጪ የተጓዘ ሰው ነው፤ ያ ከሰል ከገቢው አንዱ ምንጭ ነበር።

ጉና
ኧረ ጉድ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ይዞ የሄደውን ሰው የኩረስ ቀጥቃጮች ቢያውቁት ኖሮ ምን ይሉት ነበር?

መሐንዲሱ
@ዳገት_ወራጅ ግንኙነቱ ቆንጆ ነው፣ ግን ብሩስን ተከሳሽ አታድርገው። ከሰሉን እሱ ባይሸጥ ሌላው ይሸጥ ነበር፣ ያ ወሽመጥ በሁለቱም ወገን ከሥሩ ከሰል ነው። ምጣዱን የገደለው የማፍሰስ ዘዴው ነው። ደግሞ ሰውየው ራሱ የካሮን ደንበኛ ነበር፤ ሚስቱ በ1785 ስትሞት ላርበርት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያቆመላት ሐውልት ከድንጋይ አይደለም፣ ከካሮን የፈሰሰ ብረት ነው። በ1794 ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሲሞት እሱም እዚያው ተቀበረ።

ዳገት_ወራጅ
ከሳሽም ተከሳሽም አላልኩም። ያልኩት ሁለቱ ዳርቻዎች በአንድ ከሰል የታሰሩ ናቸው ነው። እኛ ብሩስን የምናውቀው ከጎንደር ጀምሮ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሥራ ሳይሠራ የሚዞር ሰው ገንዘቡን ከየት አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

አራት_ኪሎ_ልጅ
ሁሉንም አነበብኩ። እኔ የማልስማማበት አለ። ኩረስ «ቆንጆ» ናት ትላላችሁ። ቆንጆ የሆነችው እኮ ስለደኸየች ነው። ከሰሉ ሄደ፣ ጨው ሄደ፣ ምጣድ ሄደ፣ አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ገንዘብ ያለው ሰው ጠፋ፣ አሮጌው ቤት ባለበት ቀረ። አሁን ሀብታም ጡረተኛ ገዝቶ ይኖርበታል፣ ቱሪስት ፎቶ ያነሳል። ድህነትን ቀለም ቀብቶ ቅርስ ማለት ነው።

ሕግ_አዋቂ
@አራት_ኪሎ_ልጅ ግማሹ እውነት ነው። ድህነት ግን ቤት አያቆይም፣ ያፈርሳል። የ1900ዎቹ መጀመሪያ ፎቶዎች ላይ የሚታዩት ክዳናቸው የተቀደደ ቤቶች ናቸው። ያዳናቸው ብሔራዊ የቅርስ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ በ1931 ተቋቋመ፣ በ1932 ያን ቢጫ ቤት በ700 ፓውንድ ገዛው። ከዚያ ትንንሾቹን ቤቶች አንድ በአንድ ጠግኖ ሰው እንዲኖርባቸው አደረገ። ሙዚየም ብቻ ማድረግ ይችሉ ነበር፣ አላደረጉም።

አራት_ኪሎ_ልጅ
ይሁን። ግን ያ ከሰል የቆፈረው ሕዝብ ዛሬ ያለው እዚያ ቢጫ ግድግዳ ሥር አይደለም፣ ቫሊፊልድ ነው። ኩረስን ያየ ሰው ቀጥሎ ያለችውን መንደር ያልፋታል፣ ምክንያቱም ፎቶ አይሆንም። በ1939 ኦክቶበር 28 በቫሊፊልድ ማዕድን ፍንዳታ 35 ሰው ሞቷል። ማዕድኑ በ1978 ተዘጋ። ይሄም የኩረስ ታሪክ ነው፣ በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት።

ዳገት_ወራጅ
@አራት_ኪሎ_ልጅ እዚህ ላይ አልከራከርህም። እንዲያውም ከኩረስ ዳርቻ ቆማችሁ ዙሪያውን ብታዩ ሙሉ ታሪኩ እዚያው ነው። ወደ ምዕራብ ሎንጋኔት የሚባለው የከሰል ኃይል ማመንጫ ነበር፤ በ2016 ማርች ተዘጋ፣ 183 ሜትር የሚረዝመውን ጭስ ማውጫ በ2021 ዲሴምበር አፈነዱት። አመዱን ከፕሬስተን ደሴት ዙሪያ ባሕሩ ላይ ሲደፉ ስለኖሩ ደሴቱ ዛሬ ደሴት አይደለም፣ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ማዶ ደግሞ ግሬንጅማውዝ፣ ያ ሁሉ የነዳጅ ማጣሪያ። እሱም በ2025 ድፍድፍ ማጣራት አቆመ። መነኮሳቱ የጀመሩት ነገር በእኛ ዕድሜ አለቀ።

የቦሌዋ
ጠንቋዮችስ? አንድ ቪዲዮ ላይ ኩረስ ጠንቋይ የሚታሰርበት ቤት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ወለተ_ሚካኤል
@የቦሌዋ ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ በ1626 የተሠራ። ሰዓት ያለው ማማ በ1783 የተጨመረ ነው። ጠንቋይ ናችሁ የተባሉ ሴቶች ከላይ ጣሪያው ሥር ይታሰሩ ነበር፤ እንቅልፍ እየነሱ ያስለፈልፏቸዋል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ቶሪበርን የምትባል መንደር አለች፣ ሊሊያስ አዲ የምትባል ሴት በ1704 በዚሁ ክስ ታስራ ፍርድ ሳታይ ሞተች። ከሞት እንዳትነሳ ብለው ባሕሩ ዳር ጭቃ ውስጥ ቀብረው ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫኑባት። ድንጋዩ እስካሁን አለ። በ2017 የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከራስ ቅሏ ፎቶ ተነስተው ፊቷን ሠርተውታል፤ ደግ የሚመስል የአሮጊት ፊት ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለእነዚያ ሴቶች መታሰቢያ የነሐስ ሰሌዳዎች በኩረስ፣ በቫሊፊልድና በቶሪበርን ተተክለዋል።

ጉና
እኔ ለመሄድ ቆርጫለሁ። ልጆች ይዤ ነው። ያ የባሕር ውስጥ ግንብ ይታያል? ላርበርት ወዳለው የጄምስ ብሩስ መቃብርስ በአንድ ቀን ይደርሳል?

ዳገት_ወራጅ
@ጉና ግንቡን ለማየት ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት ኢንተርኔት ላይ እይ። ውሃ ሲሞላ ምንም የለም፣ ሲሸሽ የድንጋይ ክምሩ ብቅ ይላል። ግን ልጆቹን ወደ ጭቃው እንዳትለቃቸው፣ እስከ ጉልበት የሚውጥ ነው፤ ከዳር ሆናችሁ እዩ። የባቡር ሐዲዱ በመንደሩና በባሕሩ መካከል ያልፋል፣ መሻገሪያው ላይ ተጠንቀቁ። ቢጫው ቤት ሁሌ ክፍት ስላልሆነ ከመነሳትህ በፊት ቀኑን አረጋግጥ። ከጀርባው ያለው የአትክልት ቦታ በ1600ዎቹ አሠራር የተተከለ ነው፣ ውስጡ እግራቸው አጭር የሆኑ የስኮትላንድ ዶሮዎች ይዞራሉ። ልጆች ከቤቱ ይልቅ እነሱን ነው የሚወዱት።

ላርበርት በመኪና ከሆነ በኪንካርዲን ድልድይ ተሻገር፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መኪና ከሌለህ ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክር፤ ላርበርት ከኤዲንብራ በባቡር ይደረሳል፣ ኩረስ ደግሞ ከደንፈርምሊን በአውቶቡስ። መቃብሩ ያለው አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ ብረት ሐውልቱን ስታይ ታውቀዋለህ።

ጉና
እግዜር ይስጥልኝ። ስመለስ ፎቶ እለጥፋለሁ።

አራት_ኪሎ_ልጅ
@ጉና ስትመለስ በቫሊፊልድ በኩል እለፍ፣ መንገድህ ላይ ነው። የ35ቱን መታሰቢያ ፎቶ አንሳልን።